ስም የማይጠየቅበት ስልክ

እንቅልፍ ዛሬም አልመጣም፤ ይቅር፣ እኔም አልለምነውም። ሌሊቱን ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስገፋ አድሬ፣ ጠዋት ገብቼ ሻወር ወስጄ፣ መስኮቱን በጥቁር ብርድ ልብስ ጋርጄ ተጋድሜያለሁ፣ ውጭ ግን ቅዳሜ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የሰፈራችን የሚነርቫ ፓርክ ሰው ሁሉ ተማክሮ የሣር ማጨጃውን ዛሬ ይዞ የወጣ ይመስላል፣ ከላይ ደግሞ የአከራዬ ልጆች ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ እኔ ቤዝመንት ውስጥ ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ ስልኬ ሲተነፍስ አዳምጣለሁ። ስልክ ይተነፍሳል እንዴ? የእኔ ይተነፍሳል። ስፒከር ላይ አድርጌ ትራሴ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ከወዲያ አንዲት ሴት አለች፣ ስሟን አልጠይቃትም፣ ለምን እንደምትወስድ አልጠይቃትም፣ የምጠይቀው «አለሽ?» ብቻ ነው፣ እሷም «አለሁ» ትላለች። ሥራው ይኸው ነው። ብቻዋን ሆና ዕፅ የምትወስድ ሴት ከመጀመሯ በፊት ትደውላለች፣ እኔ እስክትጨርስ መስመሩ ላይ እቆያለሁ፣ ድምፅዋ ከጠፋ አምቡላንስ እጠራለሁ። ለዚህ ሲባል አድራሻዋን አስቀድማ መናገር አለባት፣ ደንቡ ነው፣ ይህቺ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የከተማዋን ስም «ፒከሪንግተን» ብቻ ትላለች፣ ከዚያ በላይ ወይ ፍንክች። እኔም አልጫናትም። ስለ አየሩ እናወራለን፣ ጠዋት በረዶ ጥሎ ከሰዓት ላብ በላብ ስለሚያደርገን ስለዚህ ጠባየ ቢስ የኦሃዮ ሰማይ፣ ስለ ፀጉር ቅባት፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ።

ይህን ሥራ ያስያዘችኝ ሀኒ ናት። ሀኒ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት፣ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ እትዬ ጽጌ ትለኛለች፣ እትዬ ባለችኝ ቁጥር ምርኩዝ አቀብሉኝ ማለት ያምረኛል፣ ገና አርባም አልደፈንኩም እኮ። ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት፣ ተማሪዎች ከሚከራዩዋቸው አሮጌ ቤቶች መሐል፣ እሷና ጓደኞቿ «የሴቶቹ ቤት» የምንለውን ከፍተዋል፤ ንጹሕ መርፌ አለ፣ ቁስል የሚያጥብ ሰው አለ፣ ናርካን አለ፣ ያቺ ትንፋሹ የቆመ ሰው አፍንጫ ውስጥ ሲነፏት ነፍስ የምትመልሰው መድኃኒት፣ ሞዴስ አለ፣ ካልሲ አለ፣ ትኩስ ሾርባ አለ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ለሥራ አልነበረም። ወገቤን ካርቶን ሰበረው፣ ሐኪም ኪኒን ሰጠኝ፣ ሐኪሙ ሲያቆም ኪኒኑ እኔን አልለቀቀኝም፣ ከዚያ ከማውቀው ሰው እጅ፣ ከዚያ ከማላውቀው ሰው እጅ፣ በቃ ይኸው ነው፣ ኑዛዜ አይደለም፣ ወገቡን ያመመው ሰው ይረዳኛል። በሩን ከፍቼ ስገባ ለስንት ጥያቄ መልስ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ለምን ጀመርሽ፣ መቼ ታቆሚያለሽ፣ አታፍሪም ወይ፣ ሀኒ ቀና ብላ አየችኝና «በልተሻል?» አለችኝ። አሜሪካ ከገባሁ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ ሾርባውን እያለቀስኩ ጠጣሁት። አሁን ጠዋት ጠዋት ከምላሴ ሥር የማደርጋት፣ ሱሱን የምታስታግስልኝ መድኃኒት አለችኝ፣ እስክትሟሟ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ፣ ጽጌረዳን ዝም ያሰኘች ብቸኛዋ ፍጥረት እሷ ናት ትላለች ሀኒ፣ ቀልደኛ።

ቤቱ በፊት ለወንዱም ለሴቱም ነበር። ወንዶቹ ሰልፉን ይሞሉታል፣ አንዳንዷ የምትሸሸው ሰውዬ ራሱ እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል፣ ልጅ ያላት ደግሞ ልጇን የት ትጣለው? ሀኒ የከተማው ስብሰባ ላይ ሄዳ ጮኸች፣ እኔንም እየጎተተች ወሰደችኝ፣ በዚህ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ማይኩን ይዤ፣ ሴት የምትሞተው ሻወር ቤት በሩን ቆልፋ ነው አልኩ፣ ከዕፁ ይልቅ ልጄን ይወስዱብኛል ብላ ስለምትፈራ ነው የምትቆልፈው አልኩ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ስልካቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። አሁን ሐሙስ የሴቶች ብቻ ነው፣ «የሴቶቹ ቤት» ያልነውም ለዚህ ነው። የልጆች መጫወቻ ጥግ አለ፣ ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ በልጆች ጫጫታ ይናጋል፣ እናቶቹ ቁስላቸው እየታጠበ ይስቃሉ፣ የሞቱብንም አሉ፣ አለቅስላቸዋለሁ፣ ሐሙስ ሲደርስ ግን ደስ ይለኛል፣ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ደስ ይለኛል።

የአማርኛው ስልክ የእኔ ሐሳብ ነው። የኛ ሴት እንግሊዝኛ ለሚናገር ሰው ገመናዋን አትነግርም፣ በአማርኛም አትናገርም፣ ግን ቢያንስ ትደውል ይሆናል አልኩ። ቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች መጸዳጃ ቤት፣ በሩ ጀርባ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ ብቻሽን አትሁኚ። ደውዪ። ስም አንጠይቅም። ከሥሩ የስልክ ቁጥር። ዕፅ የሚል ቃል አልጻፍኩም፣ ብጽፍማ እሁድን ሳይሻገር ይቀደዳል። ታዲያ እህቶች ምን መሰላቸው? የጸሎት መስመር ነዋ! የወረቀቱ ቀለም ገና ሳይደርቅ ስልኩ ጮኸ፣ አነሳሁት፣ «ጌታ ይባርክሽ እህቴ፣ ወንድሜ የቪዛ ኢንተርቪው አለበት፣ ጸልዪለት።» ምን ልበላት? የተሳሳተ ቁጥር ነው ልበል? ጸለይኩ። ልጁ ቪዛውን አገኘ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ስልኩ እረፍት አጣ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና፣ ማሕፀን፣ አማት፣ አንዷማ ሎተሪ ልቆርጥ ነው ብትለኝ እሱን አልችልም አልኳት። ለሀኒ ብነግራት በሳቅ ፈረሰች። ወረቀቱን ላንሳው ስላት ግን ሳቋን አቋርጣ «ኖ ኖ፣ እንዳትነኪው እትዬ ጽጌ፣ ሁሉም የሚደውልበት ከሆነ ማንም ስትደውል ሰው ሰስፔክት አያደርጋትም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለጸሎት የደወለችን ማን ይጠረጥራል፣ ይህቺ ልጅ።

ይህቺኛዋ መጀመሪያ የደወለች ቀንም እንደ ልማዴ «እህቴ፣ ስለ ምን እንጸልይ?» አልኳት። «ለጸሎት አይደለም የደወልኩት፤ ወረቀቱ ብቻሽን አትሁኚ ይላል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ» አለች፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ አወቅኋት። እንዴት አላውቃትም? ማራናታ ናት፣ የኳየራችን ድምፅ፣ እሁድ እሁድ ማይኩን ስትይዝ ፓስተሩ እንኳ ዓይኑን የሚጨፍንላት። ባሏ ትራክ ይነዳል፣ አንዴ ከወጣ ሳምንት ሁለት ሳምንት አይመለስም፣ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ልጅቷን በቀዶ ጥገና ስትወልድ በተሰጣት ኪኒን ነው የተጀመረው፣ ይህን ራሷ ስልክ ላይ ነግራኛለች። ቤቷንም አውቀዋለሁ፣ አባቷ አገር ቤት ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ሄጄ ጓዳዋ ውስጥ ሳህን ሳጥብ ነው የዋልኩት። ታዲያ ምን አደርጋለሁ፣ ያላወቀች መሰልኩ። ሁለት ሐበሻ ስልክ ላይ ተገናኝተን የማን ልጅ ነሽ፣ የት ሰፈር ነሽ፣ እናትሽ ደህና ናቸው ሳንባባል ስንቆይ ምላሴን እነክሳለሁ። እሁድ ደግሞ እሷ መድረክ ላይ ናት፣ እኔ ከኋላ ወንበር፣ ስንወጣ በር ላይ «ጌታ ይባርክሽ» ትለኛለች፣ «አሜን፣ አንቺንም» እላታለሁ፣ ሁለታችንም ጫማ ጫማችንን እያየን።

ዛሬ ግን ድምፅዋ ልክ አይደለም። ሲጀመር ከወትሮው ቀድማ ነው የደወለችው፣ ልጇን አስተኝታ፣ ሻወር ቤት ገብታ። «ሳምንቱን ሙሉ ጾመናል» አለችኝ፣ የኳየሩ ጾም ጸሎት ነበር፣ ከምግቡ ጋር ዕፁንም ትታው ሰንብታለች፣ ላቧ ሲፈስ፣ አጥንቷ ሲቆረጠም፣ ቆማ ስትዘምር፣ ሰው ሁሉ መንፈስ ነው ብሎ አሜን ሲልላት። «አልቻልኩም በቃ፣ ዛሬ አልቻልኩም።» ሀኒ ጆሮዬ እስኪበሳ የነገረችኝ ይህንኑ ነው፣ ሰው ተወት አድርጎ ወደ ድሮው መጠን ሲመለስ ነው ትንፋሹ የሚቆመው፣ ሰውነት ረስቶታል፣ እጅ ግን አልረሳም። ነገርኳት። «እሺ፣ ትንሽ ነው» አለች። «ከፋርማሲ ግዢ ያልኩሽን ናርካን ያዝሽ?» «አጠገቤ ነው። ግን ማን ይሰጠኛል?» አለች፣ ልክ ናት፣ ትንፋሽ ያጣች ሴት ለራሷ አትነፋም። «አድራሻሽን ንገሪኝ።» «ፒከሪንግተን።» «እሺ ይሁን፣ አለሽ?» «አለሁ።» ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። የሣር ማጨጃው ይጮኻል፣ አፈር ያስበላው። «አለሽ?» መልስ የለም። «አለሽ ወይ?» ውኃው ይንጠባጠባል። ተነስቼ ተቀምጫለሁ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዣለሁ፣ እና ያን ጊዜ ሳላስበው፣ ደንቡም ሀኒም ወረቀቱም ከራሴ ጠፍተው፣ እናቷ የምትጠራት ይመስል «ማራኒ! ማራኒዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ደንግጣ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ምላሴን ይቁረጠው! ስም አንጠይቅም ብለሽ በገዛ እጅሽ ጽፈሽ፣ ለጥፈሽ፣ ስም ትጠሪያለሽ፣ የኛ ነገር፣ ሰው ሲጨንቀን ስም እናቆላምጣለን፣ አንዲት አሜሪካዊት ብትሆን በቀዝቃዛው «ማም፣ አር ዩ ዴር?» ትል ነበር፣ እኔ ማራኒዬ። መልሼ ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አታነሳም። አሁን ለብቻዋ ናት፣ ያ ነገር እጇ ላይ ነው፣ በሩ ተቆልፏል፣ ልጅቷ ወዲያ ክፍል ተኝታለች፣ ነቅታ እናቷን ብትፈልግስ? ለአምቡላንስ ብደውል፣ ባትወስድስ፣ መኪናው እያበራ እየጮኸ በሯ ላይ ቢቆም፣ ጎረቤት ቢወጣ፣ ፖሊስ ቢመጣ፣ ልጅቷን ቢወስዱባት፣ የገደልኳት እኔ ነኝ፤ ባልደውልስ፣ ወስዳ ከሆነ? ሱሪዬን ግልብጥ አድርጌ ለብሼዋለሁ፣ መልሼ አውልቄ ለበስኩ፣ ለሀኒ ደወልኩ። «ስሟን ጠራሁት» አልኳት። ሀኒ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣኝ በተሻለኝ ነበር። «ስትዘጋው ወስዳ ነበር ወይስ ገና?» «አላውቅም።» «ቤቷን ታውቂዋለሽ?» የሱሪዬን ዚፕ ዘጋሁ። «እትዬ ጽጌ፣ ታውቂዋለሽ?» «አውቀዋለሁ።» «ኦኬ፣ ቴክስት አድርጊያት፣ እውነቱን ንገሪያት፣ ካልመለሰች ወዲያው ናይን ዋን ዋን ኮል ታደርጊያለሽ፣ ሌላው ችግር በኋላ ይታያል፣ በሕይወት ላለ ሰው ነው ሎየር የሚፈለገው» አለችኝ።

ጻፍኩላት፣ ጣቴ ፊደል እየሳተ፦ ስምሽን ከአንደበቴ የሰማ ማንም የለም፣ አይሰማምም። አሁን ካላነሳሽልኝ ግን አምቡላንስ እጠራለሁ። ተቆጪኝ፣ አኩርፊኝ፣ ግን በሕይወት ሆነሽ ተቆጪኝ። ላክሁት፣ የመኪናዬን ቁልፍ ፍለጋ ትራሱን ስገለብጥ ስልኩ ጮኸ፣ ዘልዬ አነሳሁት፣ እማዬ ናት፣ ከሆሳዕና። በዚህ ሰዓት! «ጽጌዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?» «እማዬ መስመሩን ልቀቂልኝ፣ በኋላ እደውላለሁ።» «አሞሻል?» ለእማዬ ክሊኒክ እረዳለሁ ብያታለሁ፣ ምን ዓይነት ክሊኒክ እንደሆነ አልነገርኳትም፣ የወገቤን ነገርም የኪኒኑንም ነገር አታውቅም፣ በደወለች ቁጥር ልነግራት እጀምርና ወሬ እቀይራለሁ፣ ዛሬ ግን ለማፈርም ጊዜ የለኝም። «እኔ ደህና ነኝ፣ አንዲት እህት ልትሞትብኝ ነው፣ ጸልዪላት።» «ስሟ ማን ነው?» «ስሟን አልነግርሽም እማዬ፣ ቃል ገብቻለሁ።» ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ለምን፣ ምን ሆና፣ የማን ልጅ፣ «ግድ የለም፣ እሱ ያውቀዋል፣ በይ ዝጊውና ወደ እሷ ሂጂ» አለችኝና ራሷ ዘጋችው። እናቴን ስንት ዓመት ሙሉ አሳንሻት ኖሬያለሁ።

ናይን ብዬ ዋን ልነካ ስል ነው የማራናታ ቁጥር የበራው። አነሳሁት። አልቅሳለች፣ ግን ድምፅዋ የነቃ ሰው ድምፅ ነው። «አትደውዪ» አለች፣ «አልወሰድኩም።» መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። «ጌታ ሆይ ተመስገን፣ ይቅር በዪኝ እህቴ፣ ስምሽን መጥራቴ አፌ ነው እንጂ…» «እንደምታውቂኝ አውቃለሁ» አለችኝ። «ምን?» «እትዬ ጽጌረዳ፣ እኔም ከመጀመሪያው ቀን አውቄሻለሁ። የአባዬ ለቅሶ ላይ ጓዳ ሆነሽ የሳቅሽው አንቺ አይደለሽም? ሰው ሁሉ ተቆጥቶሽ ነበር፣ እኔ ግን ሳሎን ተቀምጬ ደስ ብሎኝ ነበር። ያንን ሳቅ ስልክ ላይ ስሰማው፣ በቃ፣ ለዚህ ነው ደጋግሜ የደወልኩት።» እኔ የደበቅኋት መስሎኝ ምላሴን ስነክስ፣ እሷ ደግሞ እኔን ስትደብቅ፣ ሁለት እብዶች። «ታዲያ ለምን ዘጋሽብኝ?» አልኳት፣ ተናደድኩ እኮ፣ ነፍሴ እስኪወጣ ደንግጬ። «ይህንን ነገር ይዤ ባለሁበት ስሜን የጠራኝ ሰው የለም። መድረክ ላይ የምትዘምረው ማራናታ ሌላ፣ ሻወር ቤት ያለችው ሌላ፣ ስም የላትም ይቺ። ስትጠሪኝ አስቀመጥኩት። ግን ብዙ አላስቀምጠውም እትዬ ጽጌ፣ እውነቴን ነው፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ነይልኝ። አድራሻው…» «አድራሻውንማ አውቀዋለሁ» አልኩና ሁለታችንም ሳቅን፣ እያለቀስን።

ቱ ሰቨንቲ አውራ ጎዳናው ላይ ነኝ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ የምፈራው ፖሊስ እንዳያየኝ ብቻ ነው፣ እሷ ትጠፋብኛለች ማለቱ ቀርቶልኛል፣ ልጇ ነቅታ ካርቱን ስትከፍት ይሰማኛል፣ ማራናታ በሩን ከፍታ ሳሎን ወጥታለች። ሰኞ ጠዋት ያቺን የምላስ ሥር መድኃኒት የምታዝልኝ ሐኪም ክፍት ሰዓት አላት ብላ ሀኒ ጽፋልኛለች፣ ልነግራት ነው፣ እምቢ ካለች እምቢ ትበል፣ ሐሙስ አለ፣ ሌላ ሐሙስም አለ፣ ዛሬ መውሰዷ ካልቀረም እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ናርካኑን እጄ ላይ ይዤ ነው የምትወስደው፣ ደረቷ ሲነሳ ሲወድቅ እያየሁ። ነገ እሁድ ነው፣ ትዘምር አትዘምር እሷ ታውቃለች፣ እኔ ግን ነገ ከኋላ አልቀመጥም፣ ካየችኝ በር ላይ ጫማዬን አላይም፣ አቅፌ ነው የምስማት። አምስት ዓመት ከዚህ ቤዝመንት ወደዚያ ዌርሃውስ ስመላለስ ሰው የለኝም ስል ነበር፣ እንቅልፍ አጥቼ ጣሪያ ስቆጥር፣ አሁን ዓይኔን እንቅልፍ እየወጋው፣ ሲያስፈልገኝ ያልመጣ እንቅልፍ መንገድ ላይ ሊጥለኝ፣ መስኮቱን ከፍቼ እየዘፈንኩ እነዳለሁ፣ በስልኩ ውስጥ ማራናታ «ኧረ በጌታ፣ ዜማውን ገደልሽው» ትለኛለች።

በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፣ ያለ ሜካፕ፣ በቤት ልብስ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ልጅቷ የእናቷን እግር አቅፋ ቀና ብላ ታየኛለች። ምን ተባብለን ሰላም እንደምንባባል ጠፋን፣ ጌታ ይባርክሽ ልበል፣ እንደምን ዋልሽ ልበል። ልጅቷ ናት የገላገለችን፣ የእናቷን ቀሚስ ጎትታ «ማሚ፣ ሁ ኢዝ ሺ?» አለች። ከቸርች ናት ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው፣ እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የምለው። ማራናታ ጎንበስ ብላ የልጇን ፀጉር አስተካከለችላትና «ስደውልላት የምታነሳልኝ ናት» አለቻት። ልጅቷ አሰብ አደረገችና «ኦኬ» ብላ መንገዱን ለቀቀችልኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።